ሠረገላው የቆመው ለዴዚ አልነበረም

ሰሞኑን ስለ አሜሪካዊው ደራሲ ሄንሪ ጄምስ «ዴዚ ሚለር» የተጻፈ አንድ ጽሑፍ አነበብኩ። ትኩረቱ ከዴዚ ይልቅ ወይዘሮ ዎከር ላይ ነው። የጸሐፊው ሐሳብ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ በዚያች ኖቬላ (አጠር ያለች ልብ ወለድ) ውስጥ ዴዚን በትክክል የተረዱትና ሊያድኗት የሞከሩት ወይዘሮ ዎከር ብቻ ናቸው። ልጅቷ ግን እያወቀች እምቢ አለች፤ እምቢታዋም ለሞት አበቃት። ጽሑፉ ደስ ይላል። ብዙ አንባቢ ዘሎ የሚያልፋትን ትንሽ ገጸ ባሕርይ ከጥግ አውጥቶ ማሳየቱም ያስመሰግነዋል። ክርክሩን ከመጽሐፉ ጋር ሳስተያየው ግን አልቆም አለኝ። እኔ እንደማነበው ወይዘሮ ዎከር ዴዚን አንድም ጊዜ አላዩዋትም። ሲያዩ የነበሩት እሷን የሚያዩትን ሰዎች ነው።

ላላነበባችሁ ታሪኩን ላስታውስ። ኖቬላዋ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ1878 ነው፤ ለንደን ውስጥ ይታተም በነበረው ኮርንሂል መጽሔት ላይ፣ በሁለት ተከታታይ እትም። ዴዚ ከኒውዮርክ ግዛት፣ ከስኬኔክተዲ ከተማ የመጣች የሀብታም ልጅ ናት። አባቷ ሥራው ላይ ቀርቷል። እሷ ከእናቷና ከትንሽ ወንድሟ ከራንዶልፍ ጋር አውሮፓን እየዞረች ነው። ስዊዘርላንድ ውስጥ ቬቬ በምትባል የሐይቅ ዳር ከተማ ዊንተርቦርን ከሚባል አሜሪካዊ ጋር ትተዋወቃለች። ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ጄኔቫ ብዙ ኖሯል። ሁለቱ ብቻቸውን የሺዮንን ግንብ ለማየት ይሄዳሉ። ከወራት በኋላ፣ ጃንዋሪ መገባደጃ ላይ፣ ዊንተርቦርን ሮም ይመጣል። እዚያ ዴዚ ጆቫኔሊ ከሚባል መልከ መልካም ጣሊያናዊ ጋር መታየት ጀምራለች። ሮም የሚኖሩ አሜሪካውያን አፍ ውስጥም ገብታለች። ወይዘሮ ዎከር ከነዚያ አሜሪካውያን አንዷ ናቸው። ልጆቻቸውን ጄኔቫ ያስተምሩ ስለነበር ዊንተርቦርንን ከዚያ ያውቁታል። በመጽሐፉ ውስጥ በደንብ የምናገኛቸው ሦስት ቦታ ብቻ ነው፤ ሳሎናቸው ውስጥ፣ ፒንቾ በሚባለው የኮረብታ መናፈሻ ላይ፣ ከዚያም ቤታቸው ባደረጉት ግብዣ። ከግብዣው በኋላ ዴዚ አንድ ምሽት ከጆቫኔሊ ጋር ኮሎሲየም የሚባለውን የጥንት ሮማውያን ትርዒት ሜዳ ለማየት ትሄዳለች፤ ወዲያው በሮም ትኩሳት ታማ ትሞታለች።

አሁን ወደ ጽሑፉ ነጥቦች ልምጣ።

የመጀመሪያው ስለ ሠረገላው ነው። ጽሑፉ የፒንቾውን ትዕይንት እንደ ነፍስ አድን ሥራ ያቀርበዋል። እስቲ የሆነውን እንየው። ዴዚ በዊንተርቦርንና በጆቫኔሊ መሃል ሆና እየተንሸራሸረች ነው። ጊዜው ወደ ማምሻው ነው፤ የሮም ሰው በሠረገላም በእግርም ለመታየት የሚወጣበት ሰዓት። የወይዘሮ ዎከር ሠረገላ ከሰልፉ ተነጥሎ መንገድ ዳር ይቆማል። ፊታቸው ቀልቷል። ዊንተርቦርንን ጠርተው ልጅቷ ከሁለት ወንዶች ጋር እዚህ መንሸራሸር የለባትም ይሉታል። ሃምሳ ሰው አይቷታልና። ሃምሳ ሰው! ማን ቁጭ ብሎ እንደቆጠረ እንጃ።

ዊንተርቦርን ምን ሊያደርጉ እንዳሰቡ ሲጠይቃቸው ዕቅዳቸውን ይነግሩታል። ሠረገላው ውስጥ ያስገቧታል። እዚያው መናፈሻ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ያዞሯታል፤ ጭራሽ ልጓሟን የበጠሰች እንዳልሆነች ሰው እንዲያይ። ከዚያ በኋላ ቤቷ ያደርሷታል።

ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልኝ። ዓላማው ልጅቷን ከአደጋ ማውጣት ቢሆን ኖሮ አጭሩ መንገድ በቀጥታ ወደ ሆቴሏ ነበር። የማምሻው አየር ትኩሳት ያመጣል ብለው ካመኑም፣ በዚያው አየር ውስጥ ግማሽ ሰዓት ማዞር ምን የሚሉት ማዳን ነው? ግማሹ ሰዓት ለተመልካች የተመደበ ነው። ዴዚ መታየቷን እንድታቆም አልፈለጉም። ከሳቸው ጎን ሆና እንድትታይ ነው የፈለጉት።

ደግሞ ሃምሳው ሰው እስከዚያ ድረስ ያላየው ነገር ካለ በዚያች ደቂቃ አየው። መንገድ ዳር የቆመ ሠረገላ፣ ፊታቸው የቀላ ወይዘሮ፣ ግቢ እየተባለች የምትለመን ልጅ። ከዚያ በፊት ዴዚ ከሁለት ወንዶች ጋር የምትንሸራሸር አንዲት የውጭ አገር ልጅ ነበረች። ከዚያ በኋላ በራሷ አገር ሰው በአደባባይ የተገሠጸች ልጅ ሆነች። ዊንተርቦርን ራሱ ነገሩን ባያከብዱት ይሻላል ብሎ ነበር። ሰሚ አላገኘም።

የወይዘሮዋን ቅንነት አልክድም። ዴዚ ፊቷን አዙራ ስትሄድ ዓይናቸው እንባ ያቀርራል። እንባው የእውነት ነው። ግን ዊንተርቦርን ጣልቃ መግባትዎ ልጅቷን አስቀየማት እንጂ አልጠቀማትም ሲላቸው፣ እንዲያውም ጥሩ ሆነ ብለው ይመልሱለታል። ራሷን ልታዋርድ ቆርጣ ከሆነ ቶሎ መታወቁ ይሻላል፤ ሰውም እንደዚያው ያስተናግዳታል። እንባው ሳይደርቅ ፋይሉ ተዘጋ።

ቀጣዩ ነጥብ ዴዚ ደንቡን እያወቀች በእልህ ጣሰችው የሚለው ነው። እዚህ ላይ ጽሑፉ ወይዘሮ ዎከር የሠሩትን ስሕተት ይደግመዋል።

ከፒንቾ በፊት ሳሎን ውስጥ የተባለውን አንብቡ። ዴዚ ወደ መናፈሻው ልትሄድ ትነሳለች። ወይዘሮ ዎከር በዚህ ሰዓት ብቻሽን ነው የምትሄጂው ይሏታል። ብቻዬን አይደለሁም፣ ወዳጄ ይጠብቀኛል ትላለች። ወዳጇ ማን እንደሆነም አልደበቀችም። እጇን ይዘው፣ የኔ ልጅ፣ መልከ መልካም ጣሊያናዊ ለማግኘት ብለሽ በዚህ ሰዓት አትውጪ ብለው ይለምኗታል። የዴዚ መልስ እዚህ ላይ ነው። የማይገባ ነገር ማድረግ አልፈልግም ትላለች። መፍትሔም ታመጣለች፤ ፒንቾ እዚሁ ቅርብ ነው፣ ዊንተርቦርን ሊመስል እንደሚፈልገው ጨዋ ከሆነ ይሸኘኝ። ይሸኛታልም።

እልኸኛ ሰው እንዲህ አያደርግም። ዴዚ ተቃውሞ ቀረበባት፤ የሚያስማማ ነገር ፈለገች። ወይዘሮዋ ራሳቸው የሚያውቁትንና የሚያከብሩትን ሰው ጨመረች። ጆቫኔሊንም ቢሆን ለግብዣዎ ይዤው ልምጣ ብላ አስፈቅዳለች፤ እሳቸውም ደስ ይለኛል ብለዋል። በሷ ሒሳብ ጉዳዩ አልቋል። ትንሽ ቆይቶ ሠረገላው ሲመጣ ግን ያ መፍትሔዋ ራሱ ጥፋት ሆኖ ጠበቃት። መጀመሪያ ክሱ አንድ ወንድ ነበር። አሁን ሁለት ሆነ።

ሠረገላው አጠገብ ስትደርስ ደግሞ የወይዘሮ ዎከርን የጉልበት ብርድ ልብስ ታደንቃለች። እንዲህ የሚያምር በሕይወቴ አላየሁም ትላለች። ግቢና ላልብስሽ ሲሏት፣ እርስዎ ለብሰውት ሲዞሩ ባየው ይበልጥ ያምረኛል ትላቸዋለች። ጽሑፉ ይህን ምላሰኝነት ይለዋል። ለእኔ ምን እየተባለች እንደሆነ ገና ያልገባት ልጅ ቀልድ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ይህን ያሳያል። እዚህ አገር እንዲህ አይደረግም ይሏታል፤ እንግዲያ ቢደረግ ይሻላል ትላለች፣ ካልተንቀሳቀስኩ እሞታለሁ። ከእናትሽ ጋር መንሸራሸር ነው ይሏታል፤ እናቴ በሕይወቷ አሥር እርምጃ ተራምዳ አታውቅም ትላለች። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ነገር ለሷ ጨዋታ ነው። ከዚያ ወይዘሮ ዎከር ሰው አፍ የምትገቢበት ዕድሜ ላይ ደርሰሻል ይሏታል። ምን ማለትዎ ነው ብላ ትጠይቃለች። ግቢና እነግርሻለሁ። ያን ጊዜ ዴዚ ባላውቀው ይሻለኛል፣ ደስ የሚለኝም አይመስለኝም ትላለች። የገባት እዚህ ጋ ነው። ይህ ነውር ከሆነ እኔ መላዬ ነውር ነኝ፣ ይተዉኝ ያለችው ከዚህ በኋላ ነው። በቅደም ተከተል ስድቡ ይቀድማል፤ እልሁ ይከተላል። ጽሑፉ ገልብጦታል።

እንግሊዛዊቷ ደራሲ ኤላይዛ ሊን ሊንተን ይህንኑ ጥያቄ ለጄምስ በደብዳቤ አቅርባለት ነበር፤ ዴዚ ሰውን ንቃ ነው ወይስ ሳታውቅ? የመለሰላት መልስ የማያሻማ ነው። ዴዚ ከምንም በላይ የዋህ ናት አላት። ከጆቫኔሊ ጋር የተንሸራሸረችው ሰው ለማስቆጣት አልነበረም፤ ያስነሳችውን ወሬ መጠንም በውል አልለካችውም። በርግጥ ደራሲ ስለ መጽሐፉ የሚለውን እንደ ሰበር ሰሚ ውሳኔ አልቀበልም። እንዲያውም ጄምስ በዚህ መልሱ ልጅቷን ትንሽ አሳንሷታል ባይ ነኝ። ግብዣው ማታ ፊቷ የሚገረጣው ነገሩ ስላልገባት አይደለም። ግን ገብቷት መጎዳትና ሆን ብሎ ማስቆጣት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ሦስተኛው ነጥብ ላይ ረዘም ብዬ እቆያለሁ፤ የነገሩ ሥር እዚህ ስላለ። ጽሑፉ ወይዘሮ ዎከር ዴዚን በቅርብ ያውቋታል፣ ስለዚህ ፍርዳቸው ከሌሎቹ ይለያል ይላል። ግማሹ እውነት ነው። የዊንተርቦርን አክስት ወይዘሮ ኮስቴሎ ዴዚን ለመተዋወቅ እንኳ ፈቃደኛ አይደሉም። ራስ ምታታቸውን ይዘው ከሩቅ ይፈርዳሉ። ወይዘሮ ዎከር ቢያንስ ሳሎናቸው አስገብተዋታል፣ እጇን ይዘዋል። ከዚህ ያለፈ ዕውቀት እንዳላቸው የሚያሳይ ግን መጽሐፉ ውስጥ አላገኘሁም።

ዴዚ ከሄደች በኋላ ዊንተርቦርንን ሠረገላው ውስጥ አስገብተው ክሱን ይዘረዝሩለታል። ካገኘችው ወንድ ሁሉ ጋር ትሽኮረመማለች። ከማይታወቁ ጣሊያናውያን ጋር ጥግ ይዛ ትቀመጣለች። ምሽቱን ሙሉ ከተመሳሳይ ሰዎች ጋር ትደንሳለች። ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ እንግዳ ትቀበላለች፤ እናቷም እንግዳ ሲመጣ ተነስተው ይሄዳሉ። ሆቴሉ ውስጥ ሰው ሁሉ ስለሷ ያወራል አሉ። ወንድ መጥቶ ሲጠይቃት አሽከሮቹ እርስ በርስ ፈገግ ይባባላሉ አሉ።

«አሉ» የሚለውን እኔ አልጨመርኩም። ወይዘሮዋ ራሳቸው ተነግሮኛል ነው የሚሉት። የሆቴል አሽከሮች ፈገግታ እሳቸው ሳሎን ድረስ ለመድረስ በስንት አፍ አልፎ ይሆን? ዊንተርቦርን አሽከሮቹ ገደል ይግቡ ይላል። የልጅቷ ጥፋት አለመገራቷ ብቻ ነው ይላል። ወይዘሮ ዎከር አይስማሙም፤ ሲፈጥራት ይሉኝታ የላትም ባይ ናቸው።

ለዚህ ማስረጃ አድርገው የሚያቀርቡት በዚያው ዕለት በዓይናቸው ያዩትን፣ በጆሯቸው የሰሙትን ነው። እስቲ ምን እንደነበር እንየው። ሳሎናቸው ውስጥ ዴዚ ዊንተርቦርንን ወቅሳዋለች። ቬቬ ቆይ ስልህ አልቆይ ብለህ ሄድክ፣ አሁንም ሮም ገብተህ አልጠየቅኸኝም ብላዋለች። ይህን ያለችው በሁሉም ፊት ነው። ወይዘሮ ዎከር ሠረገላው ውስጥ ዊንተርቦርንን ይጠይቁታል፤ ቬቬ ላይ ስንት ቀን ነው የምታውቃት? ሁለት ቀን ገደማ ይላል። ይኸውልህ እንግዲህ ይሉታል። በሁለት ቀን ትውውቅ፣ ለምን ሄድክ ብላ የግል ጉዳይ ታደርገዋለች!

ከመጽሐፉ ሁሉ እኔን ያስገረመኝ ይህች ቦታ ናት። ወይዘሮ ዎከር ዋናውን ነገር ሰምተዋል። ዴዚ ዊንተርቦርንን ወዳዋለች። ጥሏት መሄዱ ቅር አሰኝቷታል። ሮም ደርሶ መጀመሪያ ወደሷ አለመምጣቱም አስከፍቷታል። የማያሳፍራት ስሜት ስለሆነ አደባባይ አወጣችው። ወይዘሮ ዎከር ይህንን ሲሰሙ የታያቸው ብልግና ነው። ያውም ከዝርዝሩ ሁሉ በራሳቸው ጆሮ ያገኙት ማስረጃ ይህ ሆኖ ሳለ።

ለምን እንዲህ አነበቡት? እሳቸው በሚያውቁት ዓለም አንዲት ልጅ ለወንድ ያላትን ስሜት ሰው ፊት አትናገርም። ከተናገረች ስሜቱ እውነተኛ ሊሆን አይችልም፤ ለሁሉም የምታድለው ነው ተብሎ ይታሰባል። ስለዚህ ዴዚ ግልጽ በሆነች ቁጥር ይበልጥ ትጠረጠራለች። ብትደብቅና ብታስመስል ኖሮ ያምኗት ነበር። እንዲህ ዓይነቱን ንባብ በምን ማስረጃ ታስተካክለዋለህ? እውነት መናገሯ ራሱ ከክሶቹ አንዱ ነው።

ዴዚ ታማ ተኝታ ሳለ በእናቷ በኩል ለዊንተርቦርን መልእክት ትልካለች። ከዚያ ጣሊያናዊ ጋር ፈጽሞ አልተጫጨሁም በይልኝ ትላለች። ስዊዘርላንድ ግንቡን ለማየት የሄድንበትን ቀን ያስታውሳል ወይ ብለሽ ጠይቂልኝም ትላለች። ይህ ያው ወይዘሮ ዎከር የናቁት የቬቬ ጉዳይ ነው። ጆቫኔሊ እንኳ ያውቅ ነበር። መቃብሯ አጠገብ ቆሞ፣ ብትኖርም እኔን አታገባኝም ነበር ይላል። ካየኋቸው ሁሉ ቆንጆዋም ደጓም ንጹሕዋም እሷ ነበረች ይላል። አሜሪካውያኑ ሁሉ የናቁት፣ ደረቱ ላይ አበባ ሰክቶ የሚዞረው ትንሽ ጠበቃ ልጅቷን ከነሱ በተሻለ አንብቧታል። ይህ የጄምስ ተንኮል ነው፤ ደስ የሚል ተንኮል።

ጽሑፉ አንድ ዓረፍተ ነገር መዝለሉም ገርሞኛል። ወይዘሮ ዎከር ያንን የቬቬ ማስረጃ ሲያቀርቡ ዊንተርቦርን እኔና እርስዎ ጄኔቫ ውስጥ ብዙ ሳንኖር አልቀረንም ይላቸዋል። ለአንድ አፍታ ችግሩ ያለው በሚያዩበት ዓይን ላይ እንደሆነ ጠርጥሯል። ጥርጣሬውን ቢከተለው ኖሮ ታሪኩ ሌላ ይሆን ነበር። አልተከተለውም። መጨረሻ ላይ ለአክስቱ ውጭ አገር ብዙ ኖሬያለሁ፣ መሳሳቴ አይቀርም ነበር ሲል ያንኑ ሐሳብ እየደገመ ነው፤ ዘግይቶ።

ተራኪው ከወይዘሮ ዎከር ጎን ነው ለሚለውም መልሱ እዚሁ ነው። ተራኪው የሚከተለው ዊንተርቦርንን ነው። በወይዘሮ ዎከር ላይ ደግሞ ይስቃል። የአውሮፓን ማኅበረሰብ እናጠናለን ከሚሉ አሜሪካውያት አንዷ ናቸው፤ ለግብዣቸውም ከየዘሩ የተሰበሰቡ ሰዎችን እንደ መማሪያ መጽሐፍ ደርድረዋል ይለናል። ይህን የጻፈ ሰው የሳቸውን ፍርድ እንድንቀበል እየጋበዘን ነው ለማለት ይከብዳል።

ወደ ግብዣው ከመጣን፣ ጽሑፉ ወይዘሮ ዎከር ለዴዚ ጀርባቸውን የሰጡት ለማስተማር ነው ይላል። የመጽሐፉን ቅደም ተከተል አሁንም እንይ። የዴዚ እናት ብቻቸውን ቀድመው ይመጣሉ። ዴዚ ከጆቫኔሊ ጋር ሆቴል ቀርታ ዘፈን እያለማመደችው ነው ይላሉ። ወይዘሮ ዎከር ይህን ሲሰሙ፣ ስለገሠጽኳት ብድሯን እየመለሰች ነው፣ ስትመጣ አላናግራትም ብለው ይወስናሉ። ዴዚ ገና አልገባችም። ፍርዱ ተሰጥቷል።

ከዚያ ትገባለች። የማልመጣ መስሎዎት ይሆናል ብዬ ነው እናቴን አስቀድሜ የላክኋት ትላለች። ጆቫኔሊ ሲዘፍን ግሩም ነው፣ ከመምጣቱ በፊት እንዲለማመድ ፈልጌ ነው፣ እንዲዘፍን ጠይቁልኝ ትላለች። ብድር ለመመለስ የመጣች ሰው አትመስልም። ለአስተናጋጇ ጥሩ ነገር ይዤ መጣሁ ብላ የምታምን ልጅ ናት። ጆቫኔሊም ይዘፍናል። ወይዘሮ ዎከር በኋላ ማን እንዲዘፍን እንደጠየቀው ላውቅ አልቻልኩም ማለታቸውን ጄምስ ሳይነግረን አያልፍም። ይህችን ሳነብ ሳቄን መቆጣጠር ያቅተኛል።

ሲወጡ ዴዚ ልትሰናበት ትቀርባለች። ወይዘሮ ዎከር ጀርባቸውን ያዞሩባታል። ልጅቷ ትገረጣለች፣ እናቷን ታያለች። እናቷ ምንም አላስተዋሉም። ዊንተርቦርን ይህ ጭካኔ ነው ሲላቸው ከእንግዲህ ሳሎኔን አትረግጣትም ይላሉ። ማስተማር ከሆነ ተማሪዋን ለምን ከቤት ያባርራሉ?

በነገራችን ላይ፣ ፒንቾ ላይ ዴዚ ከሄደች በኋላ ወይዘሮ ዎከር ዊንተርቦርንን ግባ፣ ካልገባህ ሁለተኛ አላናግርህም ብለው አጠገባቸው አስቀምጠውታል። ሃምሳው ሰው ይህንንም አይቶ መሆን አለበት። ባለትዳር ስለሆኑ ማንም ምንም አላለም። በግብዣው ምሽት ዴዚ ለዊንተርቦርን፣ ማሽኮርመም ካገቡት ይልቅ ላላገቡት የተሻለ የሚገባ ይመስለኛል ትለዋለች። ይህ ንግግር ከሠረገላው ቀጥሎ መምጣቱ እንዲያው የሆነ አይመስለኝም።

ትኩሳቱ ላይ አጭር እሆናለሁ። ጽሑፉ የዴዚ ሞት ወይዘሮ ዎከር ትክክል እንደነበሩ ያረጋግጣል ይላል። የሮም ትኩሳት የሚባለው ወባ ነው። በ1878 ሰው የሚያምነው ክፉ የምሽት አየር ያመጣዋል ብሎ ነበር። ፈረንሳዊው ሐኪም ላቬራን ጥገኛ ተሕዋስያኑን በማይክሮስኮፕ ያየው በ1880 ነው። የብሪታንያው ሐኪም ሮናልድ ሮስ ትንኝ ሆድ ውስጥ ያገኘው በ1897 ነው። በቀጣዩ ዓመት ጣሊያናውያን ተመራማሪዎች በሰው ላይ እንዴት እንደሚተላለፍ አሳዩ። ትንኝ ማን ከማን ጋር እንደተቀመጠ አትጠይቅም። ደግሞም በመጽሐፉ የዴዚ በጠና መታመም የተሰማው ከኮሎሲየሙ ምሽት በኋላ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ነው፤ ገዳዩ የወባ ዓይነት ከንክሻው በኋላ ለመታየት አብዛኛውን ጊዜ ሳምንትና ከዚያ በላይ ይወስዳል። በዛሬ ዕውቀት ከሄድን የተነከሰችው ሌላ ቀን ነው ያሰኛል። ጄምስ ይህን ሊያውቅ አይችልም ነበርና ነጥቡን አላከብደውም። ሕመሙን እንደ ቅጣት ማንበብ ግን የነዚያ አሜሪካውያን ንባብ ነው።

ይልቅ ዴዚ እንዴት ኮሎሲየም ደረሰች የሚለው ይጠየቅ። ከግብዣው በኋላ ሰው ሁሉ በሩን ዘጋባት። መጥራት አቆሙ። የቀራት ጆቫኔሊ ነው። ዊንተርቦርን በጨረቃ ብርሃን ሁለቱን ኮሎሲየም ውስጥ ሲያገኛቸው ድንጋጤ ይሰማዋል፤ ደግሞም፣ ይላል ጄምስ፣ እፎይታ። ከእንግዲህ ስለዚህች ልጅ መጨነቅ የለብኝም ብሎ ነው እፎይ ያለው። የወይዘሮ ዎከርን ንባብ ተቀብሎ ማረፉ ነው። ተጫጭተሽ ወይም ሳትጫጪ፣ ለኔ ለውጥ የለውም ይላታል። ትኩሳት ቢይዘኝም ባይዘኝም ግድ የለኝም ያለችው ይህን ሰምታ ነው። ጽሑፉ ይህን ንግግሯን ለብቻው ነቅሎ የግዴለሽነት ማስረጃ አድርጎታል። ከፊቱ ያለውን ዓረፍተ ነገር ቢጨምርበት ኖሮ ሌላ ነገር ይታየው ነበር።

ጸሐፊው እናቲቱን ሲወቅሱ ግን እስማማለሁ። ወይዘሮ ሚለር ልጃቸው ፊት የሆነውን አያዩም፤ ስለ ራሳቸው ሕመም ሲያወሩ ሁሉም ነገር ያልፋቸዋል። አንድ አዋቂ ሰው ያስፈልግ ነበር። ወይዘሮ ዎከር ይህ ክፍተት እንዳለ ማየታቸውም ትክክል ነው።

ጽሑፉ የሚያበቃው በጥያቄ ነው፤ ወይዘሮ ዎከር ከዚህ ሌላ ምን ማድረግ ይችሉ ነበር? መልሱ እዚያው ፒንቾ ላይ አለ። ዴዚ የተቃወመችው መንሸራሸሯን አቁማ ሠረገላ ውስጥ መቀመጥን ነው። የወይዘሮዋ ደንብ የሚጠይቀው ደግሞ አንዲት ባለትዳር ሴት ከጎኗ እንድትኖር ነው። ከእናትሽ ጋር ተንሸራሸሪ አሏት፤ እናቷ እንደማይራመዱ ነገረቻቸው። ቀጥሎ የሚመጣው ነገር ግልጽ ነበር። ያንን ብርድ ልብስ ከጉልበታቸው አንስተው፣ ከሠረገላው ወርደው፣ ለሩብ ሰዓት አብረዋት ቢራመዱ ደንቡም ይሟላል፣ ሃምሳው ሰውም የሚያወራው ያጣል፣ ልጅቷም ምን ማለትዎ ነው ብላ መጠየቅ አያስፈልጋትም። ትንሽ ቀደም ብሎ ዊንተርቦርን ይሸኘኝ ያለች ልጅ እሳቸውን እምቢ የምትልበት ምክንያት እኔ አይታየኝም።